የቶኪዮ ሥርዓት ከየት መጣ?

በሥራ ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ የቶኪዮው ሺንጁኩ ጣቢያ ሰው ይጎርፍበታል። ከኮቪድ ወረርሽኝ በፊት በቀን ከ3 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ ይመላለስበት ስለነበር በዓለም እጅግ የተጨናነቀ ጣቢያ ተብሎ በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል፤ መውጫዎቹ ብቻ ከ200 ይበልጣሉ። እንዲህ ካለ ቦታ ግፊያና ጩኸት ይጠበቃል። ነገር ግን ባቡር መጠበቂያው ወለል ላይ በተቀባው ምልክት ልክ ሰዎች በረድፍ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ባቡሩ በሮቹን ከምልክቱ ትይዩ አድርጎ ይቆማል፤ ወራጁ እስኪወርድ ድረስ ለመሳፈር የተሰለፈው ግራና ቀኝ ይከፈላል። አጭር ዜማ ይሰማል፣ በሩ ይዘጋል፣ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ቀጣዩ ይደርሳል። ውስጥ የታጨቀው ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ሳለ በስልክ የሚያወራ አይሰማም። ቶኪዮን ለመጀመሪያ ጊዜ የጎበኘ ሰው ወደ አገሩ ይዞት የሚመለሰው ወሬ ብዙውን ጊዜ እዚህ ይጀምርና አንድ ፍርድ ላይ ያርፋል፦ «ሕዝቡ ሲፈጥረው እንዲህ ነው»። ጨዋነቱ በደሙ ውስጥ አለ፣ ጽዳቱ ከቅድመ አያት የወረደ ነው፣ እኛ ብንሞክረው አይሆንልንም ይባላል። ፍርዱ ከአድናቆት የመነጨ ነው፤ ቢሆንም ስሕተት ነው፣ ሰሚውንም ይጎዳል። ቶኪዮን ዛሬ ያለችበት ያደረሷት ሕጎች፣ ክርክሮች፣ ወጪዎችና ትምህርት ቤት ውስጥ የተኮተኮቱ ልማዶች ናቸው፤ አብዛኞቹም መቼ እንደተጀመሩ በውል ይታወቃል።

ስለ ጃፓን በአማርኛ መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በ1931 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) መልእክተኞች መርተው ጃፓንን ጎበኙ፤ ከተመለሱም በኋላ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። በዚያው በ1931 የታወጀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ1889 የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነበር። የዚያ ዘመን ምሁራን ጃፓንን የተመለከቱት በአንድ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ በመሳፍንትና በጦረኞች ሥር የነበረች አገር በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ምን አድርጋ ተለወጠች? የሰጡት መልስ ሁሉ ትክክል ነበር ማለት አይደለም፤ የሌላ አገርን ሕገ መንግሥት መቅዳት ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። ጥያቄያቸው ግን ትክክለኛ ነበር፤ የሚጠይቀው ስለ ሥራ እንጂ ስለ ዘር አልነበረምና። ከዚያ ወዲህ የመንገደኛው ጥያቄ «ምን አደረጉ?» ከሚለው «ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» ወደሚለው ተንሸራተተ። መልሰን ወደ መጀመሪያው ልንወስደው ይገባል።

ሰዓት አክባሪነትን እናስቀድም፤ የጃፓኖች ተፈጥሮ ነው ተብሎ ከሚታመነው ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነውና። እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ድረስ ጃፓን ቀኑን ለስድስት፣ ሌሊቱንም ለስድስት ትከፍል ነበር። ቆጠራው ንጋትንና ምሽትን የተከተለ ስለነበር ቀኑ በሚረዝምበት ወራት የቀኑ ሰዓት ይረዝማል፣ በሚያጥርበትም ያጥራል። በ1850ዎቹ መጨረሻ ናጋሳኪ ላይ የባሕር ኃይል ሠልጣኞችን ያስተምር የነበረው የሆላንድ መኮንን ቪለም ቫን ካተንዳይክ፣ ሠራተኛውም ዕቃ አቅራቢውም በቀጠሮው አይገኝም ብሎ በማስታወሻው አማርሯል። ያኔ ናጋሳኪን ያየ የውጭ ሰው «ጃፓኖች ሲፈጥራቸው ቀጠሮ አያውቁም» ብሎ ቢጽፍ ማስረጃ አያጣም ነበር። ከዚያ በ1872 በሺምባሺና በዮኮሃማ መካከል የመጀመሪያው ባቡር ተጀመረ፤ በጥር 1873 አዲሱ የዘመን አቆጣጠርና እኩል የተከፈለው የ24 ሰዓት ቀን ሥራ ላይ ዋለ፤ ትምህርት ቤቱ፣ ፋብሪካውና ጦር ሠፈሩ በደወል መተዳደር ጀመሩ። ይህም ሁሉ ሆኖ አልበቃም። ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1920፣ ሕዝቡ ሰዓት እንዲያከብር ለመቀስቀስ ሰኔ 10 «የሰዓት ቀን» ተብሎ መከበር ጀመረ። ሰዓት ማክበር በደሙ ያለ ሕዝብ እንዲህ ያለ ቀን አያስፈልገውም ነበር።

ዛሬ የባቡሩ ሹፌር ነጭ ጓንት ባጠለቀ እጁ የመብራቱን ምልክት እየጠቆመ ያየውን በድምፅ ይናገራል። ለጎብኚ እንደ ትርዒት ይመስለው ይሆናል፤ ልማዱ ግን የተለካ ነው። የጃፓን የባቡር ቴክኒክ ምርምር ተቋም በ1994 ባደረገው ሙከራ፣ ሰዎች ሳይጠቁሙና ሳይናገሩ ሲሠሩ በ100 ድርጊት 2.38 የነበረው ስሕተት፣ እየጠቆሙና እየተናገሩ ሲሠሩ ወደ 0.38 ወርዷል። ሰው ይሳሳታል ብሎ የተነሣ ሥርዓት ነው። በኅዳር 2017 ቶኪዮን ከቱኩባ ከተማ የሚያገናኘው ባቡር ከአንድ ጣቢያ 20 ሰከንድ ቀድሞ በመነሣቱ ድርጅቱ ይቅርታ ሲጠይቅ የዓለም ጋዜጦች ወሬውን ተቀባበሉት። ዜናው የተጻፈው እንደ ጠባይ ማስረጃ ነበር። እኔ ግን ከበስተጀርባው ያለውን ሥራ አየዋለሁ፤ የመነሻ ሰዓቱን በሰከንድ የሚጽፍ ሰሌዳ፣ ልዩነቱን የሚመዘግብ ሠራተኛ፣ ስሕተቱን ለሕዝብ የሚያሳውቅ ድርጅት።

አበበ ቢቂላ ጥቅምት 21 ቀን 1964 በቶኪዮ ጎዳና 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ሮጦ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበትን ፊልም ያላየ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። በፊልሙ ላይ የኮሹ ካይዶ መንገድ ንጹሕ ነው፣ ግራና ቀኝ የቆመው ሕዝብም ሥርዓት የያዘ ነው። ፊልሙ የማያሳየው ቶኪዮ ግን ሌላ ነበር። በዚያ ዘመን ከከተማዋ ነዋሪ የፍሳሽ መስመር የደረሰው ከግማሽ በታች ነበር። የሱሚዳ ወንዝ በፋብሪካና በመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ከርፍቶ ስለነበር ለዘመናት ሲከበር የኖረው የወንዙ ዳር የርችት በዓል ከ1961 በኋላ ተቋርጦ በ1978 ነው የተመለሰው። ከኦሊምፒኩ በኋላ በዓመቱ፣ በ1965 ክረምት፣ ኮቶ በተባለው ክፍለ ከተማ ባሕሩን ሞልቶ በተሠራው የዩሜኖሺማ ቆሻሻ መጣያ ላይ ዝንብ ተፈልፍሎ ሠፈሩን ወረረው፤ ባለሥልጣናቱ ክምሩን ነዳጅ አርከፍክፈው እስከ ማቃጠል ደረሱ። ዛሬ ጎብኚ የወረቀት መጠቅለያውን ይዞ የሚንከራተትባት፣ የሚጥልበት ገንዳ አጥቶ የሚደነቅባት ከተማ ከ60 ዓመት በፊት የምትመስለው ይህን ነበር።

ለውጡ የመጣው በጭቅጭቅ ነው። የሌሎች ክፍለ ከተሞች ቆሻሻ በየቀኑ በኮቶ ነዋሪ ደጃፍ ያልፍ ነበር፤ መኪናው ፈሳሽ ያንጠባጥባል፣ ሽታው ቤት ይገባል። ከተማ አስተዳደሩ በየሠፈሩ ማቃጠያ ለመሥራት ሲያቅድ ሀብታሙ የሱጊናሚ ክፍለ ከተማ ነዋሪ «በእኛ ሠፈር አይሆንም» ብሎ ተነሣ። በ1971 የቶኪዮ አገረ ገዥ ርዮኪቺ ሚኖቤ በቆሻሻ ላይ «ጦርነት» አወጁ። የኮቶ ሰዎች ደግሞ የሱጊናሚን ቆሻሻ የጫኑ መኪናዎችን መንገድ ላይ ቆመው መለሱ፤ ይህም አንድ ጊዜ ብቻ አልነበረም። ክርክሩ ፍርድ ቤት ገባ፣ በ1974 በስምምነት ተቋጨ፣ የሱጊናሚ ማቃጠያም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። ከዚህ ጠብ አንድ መርሕ ተወለደ፤ እያንዳንዱ ክፍለ ከተማ የራሱን ቆሻሻ በራሱ ክልል ያስተናግድ የሚል። ለዚህ ነው ዛሬ በሕዝብ በተጨናነቀው ኢኬቡኩሮ መካከል 210 ሜትር ከፍታ ያለው የማቃጠያ ጭስ ማውጫ የቆመው። ከሥሩ የሚገኘው የመዋኛ ገንዳ ከማቃጠያው በሚወጣው ሙቀት ይጠቀማል። ነዋሪው የሚቃጠለውን ከማይቃጠለው፣ ጠርሙሱን ከወረቀቱ ለይቶ በተቀጠረለት ቀን በማለዳ ያወጣል፤ ቁራ እንዳይበትነው በመረብ ይሸፍናል፤ ጎረቤቶችም ቦታውን በተራ ይጠርጋሉ። የፍሳሹ መስመር በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጨረሻዎቹን ሠፈሮች አዳረሰ። አሁን ቶኪዮ ውስጥ ተወልዶ ላደገ ወጣት ጽዳቱ ሲወለድ ያገኘው ነው፤ ለወላጆቹ ግን የተጣሉበት ነው።

የመንገድ ላይ ገንዳ ለምን ጠፋ የሚለው ራሱ ታሪክ አለው። መጋቢት 20 ቀን 1995 ኦም ሺንሪክዮ የተባለው የሃይማኖት ቡድን አባላት የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ሳሪን የተባለ መርዝ በትነው ከ10 በላይ ሰዎችን ገደሉ፣ በሺህ የሚቆጠሩትንም ጎዱ። ከዚያ በኋላ ገንዳዎች ከጣቢያዎችና ከመንገዶች ተነሡ፤ ሰውም ቆሻሻውን በቦርሳው ይዞ ቤቱ መግባቱ ተለመደ። ጎብኚው እንደ ጥንታዊ ጥበብ የሚያደንቀው ልማድ ዛሬ በያዘው መልኩ የሰፋው ከሽብር ጥቃት በኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በመኖሪያ ሠፈሮች የሚታየው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ልብ ይነካል። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች ቢጫ ቆብ ደፍተው፣ ጠንካራ የትምህርት ቤት ቦርሳ አዝለው፣ ያለ ወላጅ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ የእግረኛ መሄጃ እንኳ የሌለው ይበዛል፤ ነገር ግን ዳሩን ይዞ የቆመ መኪና ስለሌለ ልጁ ሾፌሩን፣ ሾፌሩም ልጁን ያያል። መኪናው ለምን አልቆመም? በ1962 የወጣ ሕግ መኪና የሚገዛ ሰው ከቤቱ 2 ኪሎ ሜትር ሳይርቅ ማቆሚያ እንዳለው በፖሊስ አረጋግጦ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ መንገድ ላይ ማሳደርም ክልክል ነው። ሕጉ ብቻውን አልበቃም። በ1970 በጃፓን መንገዶች 16,765 ሰዎች ሞቱ፤ ጋዜጦቹም «የትራፊክ ጦርነት» አሉት። ከዚያ ወዲህ በመንገድ መብራት፣ በማቋረጫ፣ በትምህርት፣ ሰክሮ በሚነዳው ላይ በተጠናከረው ቅጣትና በመኪኖቹ ደኅንነት መሻሻል ቁጥሩ እየወረደ ሄዶ በ2023 2,678 ሆነ። ልጁ በሚያልፍባቸው ቤቶችና ሱቆች በር ላይ፣ ቢፈራ ሮጦ የሚገባበት ቤት መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ይለጠፋል። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ በብዙ ሠፈሮች ከድምፅ ማጉያ ዜማ ይሰማል። ልጆች ወደ ቤት መግቢያቸው መሆኑን ያውቁበታል፤ ድምፅ ማጉያው የተተከለው ግን የመሬት መንቀጥቀጥና ሌላ አደጋ ሲመጣ ሕዝቡን ለማስጠንቀቅ ነው፤ የየቀኑ ዜማ መሥራቱን መፈተሻም ነው። መኪናንና አደጋን ባይቆጣጠሩ ኖሮ የልጁ ብቻውን መሄድ የወላጅ ቸልተኝነት ይሆን ነበር።

ስለ ሐቀኝነት ከሚነገረው ሁሉ የጠፋ ዕቃ ነገር ይጎላል። በ2018 ለቶኪዮ ፖሊስ ከ4 ሚሊዮን በላይ ተገኝቶ የተመለሰ ዕቃና ከ3.8 ቢሊዮን የን በላይ ጥሬ ገንዘብ ገብቷል፤ ከገቡት ሞባይሎች 83 በመቶ ያህሉ ለባለቤቶቻቸው ደርሰዋል። የሚያስደንቅ ነው። ግን ከዚህ ቁጥር ሥር ያለውን እንይ። በ1899 የወጣው፣ በ2006 እንደገና የተጻፈው የጠፋ ዕቃ ሕግ፣ ዕቃውን አግኝቶ የመለሰ ሰው ከዋጋው ከ5 እስከ 20 በመቶ ወሮታ እንዲያገኝ፣ ባለቤቱ በሦስት ወር ውስጥ ካልመጣም ዕቃውን የራሱ እንዲያደርግ ይፈቅዳል፤ በሰባት ቀን ውስጥ ያላስረከበ ግን ይህን መብት ያጣል፤ ጭራሽ የወሰደውም በወንጀል ይጠየቃል። ለማስረከብ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1874 የተጀመሩት የሠፈር ፖሊስ ኬላዎች በቶኪዮ ብቻ ከ800 በላይ ናቸው፤ አብዛኛው ሰው በእግሩ የሚደርስበት አንድ አያጣም። አሜሪካዊው የሕግ ምሁር ማርክ ዌስት በ2003 ባሳተመው ጥናት የጃፓንን የዕቃ መመለስ ልማድ ለመረዳት ሕጉንና ኬላውን ማየት እንደሚያስፈልግ፣ ልዩ ሐቀኝነት ብቻውን ማብራሪያ እንደማይሆን አሳይቷል። ሌላም ማስረጃ አለ። ከሞባይሉ በተቃራኒ በ2018 ከገቡት ከ300,000 በላይ ጃንጥላዎች ባለቤት ያገኙት 1 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው፤ በርካሽ ስለሚተካ ባለቤቱ አይፈልገውም። ብስክሌት ደግሞ በጃፓን አብዝተው ከሚሰረቁት ዕቃዎች አንዱ ነው፤ ስለዚህም እያንዳንዱ ብስክሌት እንዲመዘገብ ሕግ ያዛል። ሞባይል የሚመልስና ብስክሌት የሚሰርቅ አንድ ሕዝብ ነው። የሚለየው ለእያንዳንዱ የተሠራው ሥርዓትና የዕቃው ዋጋ ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ሕግ የሌለው አገር የለም፤ በየቢሮው መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሰ መመሪያ ሞልቷል፤ ሕጉን የሚያከብር ሕዝብ ከሌለ ምን ዋጋ አለው? የቶኪዮ ሰው በሌሊት፣ መኪና በሌለበት መንገድ ላይ እንኳ ቀይ መብራት አይቶ የሚቆመው ፖሊስ ፈርቶ አይደለም። እውነት ነው፤ ልማድ አለ፣ ልማድም ከሕግ ይጠነክራል። ነገር ግን ልማዱም ይሠራል። በጃፓን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነጭ ሽርጥና ቆብ አድርገው ለጓደኞቻቸው ምሳ ያድላሉ፤ ክፍሉን፣ ኮሪደሩንና በብዙ ቦታ መጸዳጃ ቤቱንም ራሳቸው ያጸዳሉ። ይህ በሳምንቱ ቀናት ለዓመታት የሚደጋገም ትምህርት ነው። ቺዮዳ የተባለው ክፍለ ከተማ በ2002 መንገድ ላይ ማጨስን ሲከለክል 2,000 የን ቅጣት ጣለ፤ ያኔ ያነገበው መፈክር በጨዋነት ብቻ ያልተቻለውን በሕግ አስይዘን መልሰን ጨዋነት እናደርገዋለን የሚል ነበር። አስተዳደሩ ራሱ በነዋሪው ተፈጥሯዊ ጨዋነት አልተማመነም። በተንቀሳቃሽ ደረጃም የቶኪዮ ሰው በግራ በኩል ይቆማል፣ የኦሳካ ሰው በቀኝ፤ ያው ሕዝብ በሌላ ከተማ ሌላ ልማድ ይዟል። ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ ግን ከውጭ የገባው ሰው ነው። ዛሬ በጃፓን ከ3 ሚሊዮን በላይ የውጭ ዜጋ ይኖራል፤ በምሥራቅ ቶኪዮ ካትሱሺካ ክፍለ ከተማም ኢትዮጵያውያን አሉ። አዲስ ነዋሪ ሲመዘገብ የቆሻሻ ማውጫ ቀናት ሰሌዳ በተለያየ ቋንቋ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ ጎረቤት ያሳየዋል፣ የተሳሳተ ከረጢት ሳይወሰድ ማስታወሻ ተለጥፎበት ይቀራል። አዲስ አበባ ወይም ካትማንዱ ያደገው ሰው ልማዱን የሚይዘው ደሙን ለውጦ አይደለም።

የተፈጥሮ ጨዋነትን ታሪክ የሚያፈርስ መራራ ነገርም አለ፤ ማለፍ አይገባም። መስከረም 1 ቀን 1923 ታላቁ የካንቶ መሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮንና ዮኮሃማን ሲያወድም ከ100,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙም ሳይቆይ ኮሪያውያን የውኃ ጉድጓድ እየመረዙ ነው የሚል የሐሰት ወሬ ተነዛ፤ የሠፈር ጠባቂዎች፣ አንዳንድ ፖሊሶችና ወታደሮችም ጭምር በሺህ የሚቆጠሩ ኮሪያውያንን ገደሉ። መጋቢት 11 ቀን 2011 ደግሞ ሰሜን ምሥራቁን የመታው መንቀጥቀጥና ሱናሚ የቶኪዮን ባቡሮች ባቆመ ጊዜ ሚሊዮኖች በእግራቸው ለሰዓታት ተጓዙ፤ ለአውቶቡስና ለሕዝብ ስልክም ረጅም ሰልፍ ይዘው ጠበቁ። ሕዝቡ ያው ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል ግን ብዙ ነገር ተሠርቷል፤ ከ1960 ጀምሮ መስከረም 1 የአደጋ መከላከያ ቀን ሆኖ በየዓመቱ ልምምድ ይደረጋል፣ በ1981 የሕንፃ ደንቡ ጠብቋል፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥኑ በደቂቃዎች ውስጥ እውነተኛ መረጃ ያደርሳሉ። ሰው ሲፈራ የሚያደርገው ነገር ከፍርሃቱ በፊት በተዘጋጀለት ነገር ላይ ይመሠረታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ገንዘብ ነው። ጃፓን ሀብታም ናት፤ ማቃጠያውና የምድር ውስጥ ባቡሩ ዋጋው ከባድ ነው፤ ደሃ አገር በምን አቅሙ? ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ አይደለም። የቆሻሻ ማቃጠያና የፍሳሽ መስመር ያለ ብዙ ገንዘብ አይሠራም፤ ይህን የሚክድ ሰው አንባቢውን ያታልላል። የመኪና ማቆሚያ ማረጋገጫ ግን ወረቀት ነው፤ የተማሪዎች ጽዳት መጥረጊያና ጨርቅ ነው፤ የወለል ላይ ምልክት ቀለም ነው፤ የጠፋ ዕቃ ሕግ ጃፓን ገና ደሃ በነበረችበት በ1899 የተጻፈ ነው። የማቆሚያው ሕግ በ1962 ሲወጣም አብዛኛው የጃፓን ቤተሰብ መኪና አልነበረውም። ችግሩ ከመምጣቱ በፊት መጻፉ ራሱ ትምህርት አለው፤ መኪናው ከሞላ በኋላ መንገድን ማስለቀቅ እጅግ ይከብዳል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ይህ ሁሉ በምን ዋጋ? ሚያዝያ 25 ቀን 2005 በኦሳካ አቅራቢያ፣ አማጋሳኪ ላይ፣ የዘገየውን ሰዓት ለማካካስ የሚከንፍ ባቡር ኩርባ ላይ ሐዲድ ስቶ ከመኖሪያ ሕንፃ ጋር ተጋጨ፤ ሹፌሩን ጨምሮ 107 ሰዎች ሞቱ። የዘገየው ከሁለት ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ነበር። ምርመራው ስሕተት የሠሩ ሹፌሮች የሚደርስባቸውን አዋራጅ «ማረሚያ» አጋልጧል፤ ወጣቱ ሹፌር ከአደጋው በፊት በዚያ አልፏል። በተጨናነቀው ባቡር ውስጥ ሴቶች ስለሚጎነተሉ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በብዙ መስመሮች ለሴቶች ብቻ የሚሆን ፉርጎ ተለይቷል፤ ያ ጸጥታ ለብዙ ዘመን የተጎዳችውንም ዝም አሰኝቷል። ከሥራ ብዛት የሚመጣ ሞት በአገሪቱ ሕግ የታወቀ፣ ካሣ የሚከፈልበት ጉዳይ ነው። ጎብኚው ማታ አራት ሰዓት ላይ በባቡር ወንበር ተቀምጦ ሲያንቀላፋ የሚያየው ሠራተኛ የሥርዓቱ ውበት አካል ተደርጎ ፎቶ ሊነሣ አይገባውም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ክርክሬንም ያጠናክረዋል። ሥርዓቱ ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱን መታገሥ እንጂ ማረም አይቻልም ነበር። የተሠራ ስለሆነ ግን ጃፓናውያን ራሳቸው ያርሙታል፤ ከአማጋሳኪ በኋላ የባቡር ሰሌዳው ላላ፣ ፍጥነትን በራሱ የሚገታ መሣሪያም ተስፋፋ። ከውጭ የሚመለከት ደግሞ የቱን ወስዶ የቱን እንደሚተው መምረጥ ይችላል። የጠፋ ዕቃን ሕግ ለመውሰድ ሹፌርን ማዋረድ አያስፈልግም።

ኢትዮጵያ ከጃፓን ለመማር ሞክራለች፤ የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 በጃፓን ድጋፍ ተቋቁሞ ካይዘን የተባለውን የማያቋርጥ የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ወደ ፋብሪካዎች አድርሷል። ከፋብሪካው በር ውጭ ያለው ኑሮ ግን በቂ ትኩረት አላገኘም፤ መንገዱ፣ ቆሻሻው፣ የልጁ ጉዞ፣ የጠፋው ቦርሳ። ለትምህርት፣ ለሥልጠናና ለጉብኝት ወደ ቶኪዮ የምትሄዱ ሁሉ ይህን ጠይቁ። የቼሪ አበባውን ፎቶ አንሡ፤ ከዚያ ወደ አንድ ክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት ገብታችሁ የቆሻሻውን ሰሌዳ ማን እንደሚያወጣው፣ ወጪውን ማን እንደሚከፍል፣ ያልለየውን ሰው ምን እንደሚያደርጉት ጠይቁ። በፖሊስ ጣቢያ የመኪና ማቆሚያ ማረጋገጫ እንዴት እንደሚሰጥ እዩ። ወደ ሱጊናሚ ማቃጠያም ሂዱ፤ ግቢው ውስጥ የዚያ የቆሻሻ «ጦርነት» ታሪክ የሚታይበት ክፍል አለ። ያያችሁትን በአማርኛ ጻፉልን።